ከቸርኬው በፊት ጎማውን እዩ

መኪና ወዳዶች በቅድሚያ ገንዘብ የሚያወጡት ለቸርኬ፣ ለድምፅ ማጉያና ለመብራት ነው የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። እውነት ነው፣ ክፋትም የለውም፤ መኪናውን የሚወድ ሰው ላስጊጠው ቢል ማን ይከለክለዋል? እኔን የሚያሳስበኝ የጎማው ነገር ነው። መኪናውን ከመንገዱ ጋር የሚያገናኘው እሱ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ብዙ ሰው ዋጋውንና ጥርሱን ብቻ አይቶ ይገዛል። እባካችሁ ጎኑ ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮች አንብቡ። 2319 ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ጥርሱ ሙሉ የሆነ ጎማም ቢሆን ለዓመታት ከተቀመጠ ላስቲኩ ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል፤ እርጥብ መንገድ ላይ ፍሬን ሲያዝ መሬቱን ቆንጥጦ መያዝ ያቅተዋል። ቁጥሩ አንዳንዴ በአንድ በኩል ብቻ ስለሚጻፍ፣ ካጣችሁት ጎማውን ገልብጣችሁ እዩ። ሻጩ ቢቸኩል እናንተ አትቸኩሉ።

ትልቅ ቸርኬ የምታስገጥሙ ደግሞ የጎማው ጠቅላላ ቁመት ከፋብሪካው መጠን እንዳይርቅ ተጠንቀቁ፤ ከራቀ ዳሽቦርዱ ላይ የምታዩት ፍጥነት ትክክለኛው አይሆንም። የፍሬን ዘይትም እርጥበት ከአየር ይስባል፤ ተከፍቶ የከረመ ጠርሙስ በርካሽ ቢሰጧችሁም አትግዙ።