ድፍን በሬ

ሐዋሳ ላይ የፋሲካ በሬ ድርድር የሚያልቀው ድፍን ቁጥር ላይ ነው። «በቃ፣ 110 ሺህ!» ይባልና መጨባበጥ ነው።

ጣጣው ሰፈር ሲደረስ ይመጣል። ቅርጫው የ12 ሰው ነው። 110 ሺህ ለ12 ሲካፈል 8 ብር ይተርፋል። ገንዘብ ያዡ ስልኩ ላይ ደምሮ ቀንሶ «9,166 ነጥብ 6666...» እያለ ያነባል። ስድስቱ የሚያልቁ መስሎት።

መድኃኒቱ 880 ብር መጨመር ነው። 110,880 የዋዛ ቁጥር አይደለም። ከ1 እስከ 12 ላለው ለማንኛውም ያለ ቀሪ ይካፈላል። 12 ብንሆን 9,240 ብር፣ ሁለቱ ቢያኮርፉ 11,088፣ አራት ቢጨመሩ 6,930። ሳንቲም የለ፣ ጭቅጭቅ የለ። 144 አካፋዮች አሉት፤ ከእሱ ከሚያንሱት ቁጥሮች ይህን ያህል ያለው አንድም የለም። አንዲት ብር ከጨመርክበት ግን ያኮርፋል፤ 110,881 ከ2 እስከ 12 ላለው ለማንም አይካፈልም።

እስቲ ግን ይህን ለሻጩ አስረዳ። «880 ብር ልጨምርልህ» ብትለው በሬውን ዞሮ ያየዋል። «ምን አግኝታችሁበት ነው?»

እንዲህ ያሉትን ቁጥሮች አጥንቶ በ1915 እ.ኤ.አ. ጽሑፍ ያሳተመው ህንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ራማኑጃን ነው። ሰውየው ሥጋ በአፉ አይዞርም ነበር! ለቅርጫ ከሱ በላይ የለፋ የለም፣ መደብ ሳይደርሰው ሞተ።

ደግሞ ብሩ ቢካፈልም በሬው ቁጥር አይደለም። እንሰት ቅጠል ላይ መደቡ ሲደረደር ሻኛው አንድ፣ ምላሱም አንድ ነው። ሻኛው 12 ቦታ ሲቆራረጥ ግቢው ጸጥ ይላል። ዓመቱን ሙሉ ሒሳብ አልወድም ሲል የከረመው ጎረቤት ቁና ቁና እየተነፈሰ በዓይኑ ይመዝናል። «ያኛው አጥንት በዝቶበታል!» ዕጣው ገና አልተጣለም እኮ።

ቢላዋ ሲሳል ሰምቶ የሚመጣም አይጠፋም። «እኔንም አስገቡኝ» ይላል። 13ኛ ሆነ። ከ1 እስከ 16 ካሉት ውስጥ 110,880 አልካፈልም የሚለው ለ13 ብቻ ነው። እያንዳንዱ 8,529 ቢያዋጣ 3 ብር ይጎድላል። 12 ሰው ዞሮ አዲሱን ገቢ አየው።

«እከፍላለሁ» አለ ኪሱን እየዳበሰ፣ «ምላሱ የኔ ከሆነ»።