«ለጨጓራ ነው»

ታላቅ እህቴ መድኃኒቷን የምታስቀምጠው የቫይታሚን ዕቃ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ፋርማሲው የለጠፈውን ወረቀት በጥፍሯ ፍቃ ታነሳለች፤ ከዚያ ክኒኖቹን ትገለብጣቸዋለች። ቡና ላይ ጎረቤት ካየባት መልሱ ዝግጁ ነው፦ «ለጨጓራ ነው»። የቀጠሮዋ ቀን ደግሞ ባጃጁን ሐኪም ቤቱ በር ላይ አታስቆምም። ራቅ ስትል «ወራጅ» ትልና በዚያ የሐዋሳ ፀሐይ በእግሯ ትሄዳለች። ባጃጅ ውስጥ የሚያውቃት ሰው አይጠፋማ!

ሕመሟ ድብርት ነው። ሰፈሩ ግን ስለ እሷ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ «ቻይ ናት»። እኔን ይቺ ምርቃት እያናደደችኝ መጥታለች። ጥሩ ጠባይ መስሎን የምናወድሰው ነገር ብዙውን ጊዜ ፍርሃት ነው። አውጥታ የተናገረችውን «ሆደ ባሻ» ብለን እናሸማቅቃታለን፤ ታዲያ ማን ይናገር?

ከእኛ ብዙም በማትርቀው ቡታጅራ የተሠራ፣ በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ዘመዶች ነው የጠየቀው፣ 178 ሰዎችን። 75 በመቶዎቹ መገለል ደርሶብናል አሉ። 37 በመቶዎቹ የዘመዳቸውን መታመም መደበቅ ይፈልጉ ነበር። ልብ በሉ፣ የታመሙት እነሱ አይደሉም! ቤተሰቡም አብሮ ይደበቃል፤ ገበና ነዋ። ስኳር ገበና አይደለም፣ ደም ግፊትም አይደለም፤ ብርቱካን ተይዞ ይጠየቃል። ለድብርት ብርቱካን ይዞ የመጣ ሰው እስካሁን አላየሁም። (ጸሎትና ጸበሉን እየተቃወምኩ አይደለም፤ እህቴም ሁለቱንም ይዛ ነው የምትሄደው።)

ስለ መቻልም የተጠና ነገር አለ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ጄምስ ግሮስና ኦሊቨር ጆን በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ስሜታቸውን ፊታቸው ላይ እንዳይታይ የመደበቅ ልማድ ያላቸው ሰዎች ደስታም፣ አይዞህ የሚላቸው የቅርብ ሰውም አንሷቸው ተገኝተዋል። የሆዳቸው ሐዘን ደግሞ ስለተደበቀ አልቀነሰም። «እሱ የአሜሪካ ተማሪዎች ነገር ነው፣ እኛን አይመለከትም» የሚለኝ ይኖራል፤ ግማሽ እውነት አለው። ከዚያ በኋላ ሆንግ ኮንግ ያሉ ቻይናውያንን ከአሜሪካውያን ጋር ያነጻጸረ ጥናት መደበቁ ቻይናውያኑን ያን ያህል ሲጎዳ አላገኘም። እኔም ለሽማግሌ ክብር ብሎ ንዴቱን የሚውጥ ሰው ታመመ አልልም። ወዶ ነዋ የዋጠው፤ ሲመሽ ለጓደኛው ያወራዋል። እህቴ ግን የምታወራበት ምሽት የላትም። ቀን የቻለችውን ማታም ትችለዋለች፤ ሁለት ጊዜ ሌሊት ስታለቅስ ሰምቻት ጠዋት «ጉንፋን ነው» ብላኛለች። እኔም አምኜ ወደ ሥራዬ ሄጃለሁ፤ ወይም ያመንኩ መስያለሁ። የሚያመቸኝ እሱ ነበር።

ይቺን ልጽፍ ነው ስላት ስኒ እያጠበች ነበር። ቀና ሳትል «ጻፍ» አለችኝ። «ሰፈራችንን ግን እንዳትጠራ።»