እርማት፦ ኮንትሮለር መቀየር የላላ ክንድ አያጠብቅም

አዳማ ውስጥ ያገለገለ የብየዳ ሮቦት ለምትይዙ ወገኖች፣ «ሮቦቱ መስመር መሳት ከጀመረ ኮንትሮለሩን (መቆጣጠሪያ ሳጥኑን) በአዲስ ቀይሩት፣ እንደ አዲስ ይሆናል» የሚል ምክር እየተደጋገመ ነው። በቅንነት የተነገረ ቢሆንም ልክ አይደለም።

ኮንትሮለሩ የሚያነበው ሞተሩ ላይ ያለውን ኢንኮደር (የሞተሩን ዙር የሚለካ መሣሪያ) ነው። ከሞተሩ ቀጥሎ ያለው ሬዱሰር (ፍጥነት የሚቀንሰው ማርሽ) ጥርሱ ሲበላ የሚፈጠረውን ክፍተት አያየውም፤ ስለዚህ አዲሱም ሊያርመው አይችልም። ብዙ ብር ወጥቶ ብየዳው እዚያው ሲስት ይቀራል።

ከመግዛታችሁ በፊት ለኩ። ዳያል ጌጅ (ጥቃቅን እንቅስቃሴ የሚለካ ባለ ሰዓት መለኪያ) ከማይነቃነቅ ብረት ላይ እሰሩና መርፌው የክንዱን ጫፍ ይንካ። አንድ መጋጠሚያ ብቻ በዝግታ እያንቀሳቀሳችሁ ወደ አንድ ነጥብ 10 ጊዜ ከቀኝ፣ 10 ጊዜ ከግራ አምጡት። ከአንድ ወገን ሲመጣ ንባቡ ተመሳሳይ ሆኖ በሁለቱ ወገን መካከል ከተራራቀ፣ ጥፋቱ ማርሹ ላይ ነው። 2ኛና 3ኛ መጋጠሚያ ላይ ግን የክንዱ ክብደት ክፍተቱን ይደብቀዋል (እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል)፤ ኃይሉን ቆርጣችሁ፣ ብሬኩ እንደያዘ፣ ክንዱን በእጅ ወደ ላይና ወደ ታች እየገፋችሁ አንብቡ። ከሬዱሰሩ የወጣውን ግሪስም ነጭ ወረቀት ላይ ቀቡት፤ የሚያብለጨልጭ የብረት ቅንጣት ካለ ማርሹ እየተበላ ነው።

ክንዱ ይህን ካለፈና ችግሩ የሰርቮ አምፕሊፋየር (ለሞተሩ ኃይል የሚሰጠው ክፍል፣ ድራይቭም ይባላል) ወይም የኤሌክትሮኒክስ ካርድ መለዋወጫ መጥፋት ከሆነ፣ ያኔ ኮንትሮለር መቀየር ተገቢ ነው። የአዲሱ ኮንትሮለር ድራይቭ ከነባሩ ኢንኮደር ጋር መግባባቱን ግን አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ ካልተግባባ ሞተሮቹንም መቀየር ሊያስፈልግ ይችላል።