60 ቀን የተሰጠው ወገብ

ባለፈው ዊንተር እዚህ አሜሪካ ወገቤን ያዘኝ። መኪናዬን ከበረዶ ላወጣ አካፋ ይዤ ጎንበስ እንዳልኩ እዚያው ቀረሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሁላችንም የምናደርገውን አደረግኩ። ቪክስ ተቀባሁ፣ ትኩስ ፎጣ አሰርኩ፣ አይቡፕሮፌን ዋጥኩ። አክስቴ ከአዲስ አበባ በቪዲዮ እያየችኝ "እዚያ አገር ወጌሻ የለም እንዴ?" አለችኝ።

አለ፣ ያውም ዶክትሬት ያለው ወጌሻ። ግን ፕራይመሪ ዶክተሬ (መደበኛ ሐኪሜ) ጋ ስደውል ቀጠሮ የሰጡኝ ከአምስት ሳምንት በኋላ ነበር። ያለ ሪፈር፣ ማለትም ያለ ሐኪም ማዘዣ፣ ደግሞ ፊዚካል ቴራፒ (ፊዚዮቴራፒ) የሚገባ አይመስለኝም ነበር።

ያዳነኝ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒ ተምሮ በዲቪ የመጣ ጓደኛዬ ነው። ስልክ ላይ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ሕመሙ አልነበረም። "እግርህ ይደነዝዛል? ሽንትህን መቆጣጠር አቅቶሃል? ትኩሳት አለህ? ኪሎ ቀንሰሃል?" አለኝ። ሁሉንም የለም ስለው ተረጋጋና "እኔ እዚህ አገር ላይሰንስ (የሥራ ፈቃድ) ስለሌለኝ ላክምህ አልችልም። ቴራፒስት ጋ ግን ዝም ብለህ ሂድ፣ ሪፈር አያስፈልግህም" አለኝ።

እውነቱን ነው። 50ዎቹም ስቴቶች ሰው ያለ ሐኪም ማዘዣ በቀጥታ ፊዚካል ቴራፒስት ዘንድ እንዲሄድ በሆነ መልኩ ይፈቅዳሉ። ነብራስካ በ1957 ጀመረችው፣ ሚሺጋን በ2014 ሕጉን አጽድቃ መጨረሻ ላይ ገባች። ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጦ የሚውለው፣ ፓርኪንግ ውስጥ ቆሞ የሚያመሸው፣ ሆም ኬር ውስጥ፣ ማለትም ሰው ቤት እየሄደ አዛውንት በሚንከባከብበት ሥራ፣ ሰው የሚያነሳው ወገናችን ግን ይህን አያውቅም። እኔም አላውቅም ነበር።

ነገሩ ያለው "በሆነ መልኩ" የምትለው ላይ ነው። እኔ የምኖረው ቨርጂኒያ ውስጥ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ቨርጂኒያ ያለ ሪፈር የምትፈቅደው 60 ተከታታይ ቀን ነው፤ ቀደም ሲል 30 ነበር። ከወንዙ ማዶ ሜሪላንድ ውስጥ ግን እንዲህ ያለ የቀን ገደብ የለም። ኒውዮርክ 10 ጊዜ ወይም 30 ቀን፣ የቀደመው ይቆጠራል፤ ቴራፒስቱም ቢያንስ ሦስት ዓመት የሠራ መሆን አለበት። ካሊፎርኒያ 45 ቀን ወይም 12 ጊዜ ትላለች። ቴክሳስ እስከ 2019 ድረስ ያለ ሪፈር ማከምን አትፈቅድም ነበር። ያኔ የወጣው ሕግ 10 የሥራ ቀን ሰጠ፣ ቴራፒስቱ ተጨማሪ ስፔሻላይዜሽን ካለው ደግሞ 15። ቴክሳስ፣ ዳላስ ያለ ወገብና ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ወገብ በምን እንደሚለያዩ የሚያስረዳኝ ሰው እፈልጋለሁ።

ገደቡን የሚደግፉት፣ በተለይ በየስቴቱ ምክር ቤት ሲከራከሩ የኖሩት የሐኪሞች ማኅበራት፣ አንድ ምክንያት አላቸው። ወገብ ሕመም የሚመስል ነገር ካንሰር ሊሆን ይችላል፣ ኢንፌክሽን ወይም ስብራትም ሊሆን ይችላል፤ ሐኪም ይየው ይላሉ። ቀላል ነገር አይደለም። ግን አደጋው ካለ ያለው በመጀመሪያው ቀን ነው። ቴራፒስቱ በመጀመሪያው ቀን አደገኛውን ከቀላሉ መለየት ይችላል ብሎ ሕጉ ካመነው፣ በ61ኛው ቀን ምን ተፈጥሮ ነው የማያምነው? ያን ጊዜማ ሰውነቴን ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው።

እዚህ ላይ ላይሰንስ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። እንዲያውም በዚህ ጉዳይ ጥብቅ ነኝ። ማንም ተነስቶ ማሳጅ ቤቱ ላይ "ፊዚካል ቴራፒ" የሚል ታፔላ እንዳይሰቅል የከለከለው ይኸው ሕግ ነው። እዚህ አገር የሚማር ሰው ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሦስት ዓመት ያህል ዶክትሬት ይጨምራል። ከዚያ 225 ጥያቄ ያለው አገር አቀፍ ፈተና ይቀመጣል። ነጥቡ ከ200 እስከ 800 ነው፣ ማለፊያው 600። በዓመት ከሦስት ጊዜ፣ በዕድሜ ልክ ደግሞ ከስድስት ጊዜ በላይ አይፈተኑትም። ፈተናው ለሁሉም ስቴት አንድ ነው፣ ማለፊያውም አንድ ነው። እንግዲህ ያንኑ ፈተና ያለፈ ሰው ድልድይ ሲሻገር የሚታመንበት የቀን ብዛት ለምን ይለወጣል?

ጓደኛዬ ያን ፈተና ለመቀመጥ እንኳን ገና ነው። መጀመሪያ ትምህርቱ ከአሜሪካው ጋር ኮርስ በኮርስ ይመዘናል፣ የእንግሊዝኛ ፈተናም አለ። የሚጎድል ኮርስ ካለ ያሟላል። አንዳንዱ ስቴት ደግሞ በላዩ ላይ የራሱን ይጨምራል። ካሊፎርኒያ ለምሳሌ ውጭ የተማረን ሰው ዘጠኝ ወር በሌላ ቴራፒስት ቁጥጥር ሥር ታሠራለች። መመዘኑ አያናድደኝም። የሚያናድደኝ ይህ ሁሉ ገንዘብና ጊዜ እየጠየቀ ልጁ ኑሮውን በሆም ኬር መግፋቱ ነው። አንድ ቀን ሥራ ላይ አይቼዋለሁ። አንድ ሽማግሌ ከአልጋ ሲያነሳ ጉልበቱን አጥፎ፣ ሰውየውን ደረቱ ላይ አስጠግቶ፣ "አንድ፣ ሁለት" ብሎ በእግሩ ኃይል ነው የሚነሳው። አጠገቡ የነበረችው ሠራተኛ በወገቧ ነበር የምትስበው።

ወደ እኔ ልመለስ። ክሊኒኩ የተቀበለኝ በሦስተኛው ቀን ነው። ካልተሻለህ የምትሄድበትን ሐኪም ስም ስጠን ብለው ወረቀት አስፈረሙኝ። ቴራፒስቱ በአውራ ጣቱ አከርካሪዬን ቁልቁል እየተጫነ ወርዶ አንዷ ቦታ ላይ ሲደርስ "እማዬ!" አስባለኝ። በወር ውስጥ ካልሲዬን ራሴ ማድረግ ቻልኩ። ተሻለኝ ብዬ የፕራይመሪ ዶክተሬን ቀጠሮ ሰረዝኩት። ሞኝነቴ ነው።

አንድ ማክሰኞ ሪሴፕሽኗ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችና "ሐሙስ 60 ቀንህ ይሞላል፣ ሪፈር አምጣ" አለችኝ። ቴራፒስቱን ምን ይሻላል አልኩት። ሳቀ። ለካ እሱ ቅዳሜ ቅዳሜ ሜሪላንድ ውስጥ ይሠራል። ከ30 በላይ ስቴቶች የገቡበት ስምምነት አለ፤ ቨርጂኒያም ሜሪላንድም አሉበት፣ ካሊፎርኒያና ኒውዮርክ የሉበትም። በአባል ስቴት የሚኖርና ላይሰንስ ያለው ቴራፒስት ሌላው አባል ስቴት ውስጥ አዲስ ላይሰንስ ሳያወጣ ክፍያ ከፍሎ ፈቃድ ያገኛል። ጥሩ ሕግ ነው። ለእሱ ወንዙን አደረቁለት፣ ለእኔ ወገብ ግን ተዉት። ቅዳሜ በዚያው እጁ የሚያክማቸውን ሰዎች ስቴቱ ቀን አይቆጥርባቸውም።

ሜሪላንድ ያላችሁም ብትሆኑ ከመሄዳችሁ በፊት ኢንሹራንሳችሁ ጋ ደውሉ። ስቴቱ ሪፈር አያስፈልግም ቢልም ኢንሹራንሱ ሪፈር ካልመጣ አልከፍልም ሊል ይችላል። እናት አባታችሁ ሜዲኬር (የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) ካላቸው ደግሞ መጀመሪያ ዶክተር ጋ መሄድ ግድ አይደለም፣ የሕክምናውን ዕቅድ ግን ዶክተር ማጽደቅ አለበት።

አዲስ ቀጠሮ እስካገኝ ሁለት ሳምንት ቴራፒ አቋረጥኩ። ካልሲዋ እንደገና ከበደችኝ። በመጨረሻ ዶክተሩ ገባ፣ ኮምፒውተሩን እያየ "ቴራፒስትህ ምን አለ?" ብሎ ጠየቀኝ። ያለውን ነገርኩት፣ ጻፈው፣ ፈረመ። ኮፔይ (ከኢንሹራንሱ ሌላ የራሴን ድርሻ) ከፍዬ ስወጣ ጃኬቴን እንኳን አላወለቅኩም ነበር።