እርማት፦ ሻሎምን ጳጳሱ አልመሠረቱትም

ወንድሜ፣ «ሻሎም የተባለውን የብራዚል የካቶሊክ ማኅበር የሮማው ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ናቸው የመሠረቱት» ያልከው ብዙ ሰው የሚደግመው ነገር ነው፤ ግን ትክክል አይደለም። መሥራቹ ሞይሴስ አዜቬዶ የሚባል ምእመን ነው፤ ጳጳስም ቄስም አይደለም።

ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ግን ይገባኛል። በ1980 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ጳጳሱ የብራዚሏን ከተማ ፎርታሌዛን ሲጎበኙ፣ የከተማው ሊቀ ጳጳስ ካርዲናል ሎርሻይደር በቅዳሴው ላይ በወጣቶች ስም ስጦታ እንዲያቀርብ የመረጡት ሞይሴስን ነበር። ያኔ ገና የ20 ዓመት ልጅ ነው። ያቀረበው ደብዳቤ ሲሆን፣ ሕይወቱን ከቤተ ክርስቲያን ለራቁ ወጣቶች ወንጌል ለማድረስ እንደሚሰጥ ጽፎበታል። ጳጳሱ ስጦታውን ተቀበሉ እንጂ ማኅበር አላቋቋሙም።

ማኅበሩ የተጀመረው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሐምሌ 9 ቀን 1982 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ነው፤ ያውም በመክሰስ ቤት! ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የማይረግጥ ወጣት ሊበላ ወደ ውስጥ ይገባል፣ አስተናጋጆቹ ደግሞ ጨዋታ ይጀምሩለታል። ብልህ ዘዴ ነው።

የቫቲካን ዕውቅና የመጣው በ2007 ነው፤ ደንቡ በቋሚነት የጸደቀው ደግሞ በ2012። ዛሬ በውስጡ ካህናት አሉ፤ «የካህናት ማኅበር ነው» የሚባለውም ከዚሁ የመጣ ይመስለኛል።