ማነው የነካት?

አዲስ አበባ ውስጥ መኪናው ፈልቶበት ኮፈን የከፈተ ሰው ብቻውን አይቆምም። ዕድርተኛ እንኳ የሚሰበሰበው ጡሩንባ ተነፍቶ ነው። ለኮፈን እንፋሎቱ ይበቃል።

የኔዋ የፈላችው ከመገናኛ ወደ ሃያ ሁለት ስንወርድ ነው፣ ማታ 12 ሰዓት ላይ። በዚያ ሰዓት እዚያ መንገድ ላይ መንዳት ማለት ፍሬን መርገጥ ማለት ነው። ከኋላ እማዬ ተቀምጣለች፤ ከጎኔ ጎረቤታችን ጋሼ፣ ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር። የሙቀት መርፌዋ ቀዩን ስትነካ ዳር ይዤ ቆምኩ። ኮፈኑን ገና ከፍ ከማድረጌ አንድ ወያላ፣ ሁለት ሊስትሮዎችና ከረጢት የያዙ አንድ ጎልማሳ ከበቡኝ።

«ቴስታታ ነው» አለ ወያላው፣ ሳያይ፤ የሞተሩን የላይ ክዳን ማለቱ ነው።

«ውሃ ነው፣ ውሃ ጨምርላት!»

«እንቁላል ነጩን ብቻ ጨምር፣ ሽንቁሩን ይደፍነዋል» አሉ ጎልማሳው። እንቁላሉን ከረጢታቸው ውስጥ የያዙት መስሎኝ ነበር።

አንደኛው ሊስትሮ ሃይላንዱን ውሃ ሞልቶ ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ እጁን ወደ ራዲያተሩ ክዳን ሲሰድ ጋሼ ጮኹ። «እንዳትነካው! አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። እዚህ ውስጥ ያለውን ከ100 በላይ ሳይፈላ የያዘው ይሄ ክዳን ነው፣ ግፊቱን አፍኖ። ስትከፍተው ባንድ ጊዜ ፈልቶ ፊትህ ላይ ይመጣል!»

ልጁ እጁን ሰበሰበ። ትንሽ አሰበና «ፋዘር፣ የቤታችን ክክ የማይበስለውም ለዚህ ነው?» አለ። ጋሼ በደስታ ወደ ክክ ገቡ። ግማሽ ሰዓት ቆየን፤ ሞተሩ ቀዘቀዘ፤ ውሃ ጨመርን። በማግስቱ ጋራዥ ሄድኩ።

መካኒኩ ጎንበስ ብሎ አየ፤ ቀና ብሎ ምላሱን በጥርሱ መታና «ማነው የነካት?» አለኝ።

ይህቺን ጥያቄ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ቀለም ቀቢው የፊተኛውን ቀቢ ግድግዳ እያየ ይላታል፤ ልብስ ሰፊው ኮትህን ገልብጦ ይላታል፤ አዲስ የተሾመ ኃላፊም ቢሮ ገብቶ ወንበሩ ሳይሞቅ ይላታል። ሥራ የሚጀመረው ሌላውን በማማት ነው። እኔም እንደ ጥፋተኛ አንገቴን ደፋሁ።

ይሄ የመጀመሪያው መካኒክ ቴርሞስታቱን አውልቆ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። «ይሄ ለብርድ አገር የተሠራ ነው፤ ለኛ አይሆንም።» አመንኩት። ዕቃው ሞተሩ ወደ 80 ምናምን ዲግሪ እስኪደርስ ውሃውን ወደ ራዲያተር የማያሳልፍ በር ጠባቂ ነው። እሱ ሲነሳ ሞተሯ በጠዋቱ ብርድ አልሞቅ አለች፣ ቤንዚን እንደ ጉድ ትጠጣ ጀመር። ማታ መገናኛ ስንደርስ ደግሞ እንደ ልማዷ ፈላች። ልዩነቱ 10 ደቂቃ መዘግየቷ ነው።

ሁለተኛው «ቴርሞስታቱን ማነው ያወለቀው?» ብሎ በማዘን ጀመረ። ሌላ ገጠመላትና ራዲያተሩን አጠበ። የወጣው ውሃ ጠላ ይመስል ነበር፤ ለዓመታት የቧንቧ ውሃ ስጨምርባት ኖሬ ዝገት ጠምቄያለሁ። ይሄኛው ጥፋት የኔ ነው። ሦስተኛው የውሃ ፖምፓውን ቀየረ፤ መፍላቷ ሳይቆም ሲቀር ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ መርዶ ነጋሪ፣ «ሞተር መውረድ አለበት» አለኝ። ዘይቷ ማኪያቶ አልመሰለ፣ ጭሷ አልነጣ፣ ሞተር የሚወርደው በምን ምልክት እንደሆነ ብጠይቀው ተቀየመኝ።

በዚህ መሀል አዳማ ሠርግ ተጠራን። እማዬ «በዚች?» አለች። በዚችው ሄድን። ፍጥነት መንገዱ ላይ በ100 ስነዳ መርፌዋ መሃል ላይ ተቸንክራ ቀረች። አዳማ ሙቀቱ እኛን አላበን፣ እሷን አላላባትም። ስንመለስ ቱሉ ዲምቱ ክፍያው ጋ ሰልፍ ያዝን፤ መርፌዋ መውጣት ጀመረች።

እማዬ ከኋላ ሆና፣ ነጠላዋን እያስተካከለች፦ «ልጄ፣ ይቺ ስትሮጥ ነፋሱ እፍ ይልላታል። ስትቆም ማነው እፍ የሚልላት? ትኩስ አጥሚት እንኳ እፍ ካላሉት አይበርድ።»

ዝም አልኩ። ጋሼም ዝም አሉ፤ የ30 ዓመት ፊዚክስ ነው ዝም ያሰኛቸው።

እፍ ባዩ ቬንትሌተሩ ነው፣ የራዲያተሩ ማራገቢያ። በነጋታው ሞተሩን አስነስቼ ኤሲ ከፈትኩ፤ ያን ጊዜ መዞር ነበረበት። ንቅንቅ አላለም። ሰው ሁሉ ሲፈላ እንፋሎቱን አየ እንጂ የሚዞር ነገር እንዳልዞረ አላየም። የመኪና ኤሌትሪክ ሠራተኛ ዘንድ ወሰድኳት። ከባትሪው በቀጥታ ሽቦ ሲሰጠው ቬንትሌተሩ ተንደረደረ። የራሱ የቬንትሌተሩ ሞተር ደህና ነው፤ የተቃጠለችው መብራት የምትልክለት ሪሌ ናት፣ ከክብሪት ቀፎ የምታንስ። ዋጋዋ ከአንድ ኪሎ ሥጋ አይደርስም። ልጁ እየቀየረልኝ፣ ሽቦዎቹን ገለጥ ገለጥ አድርጎ፣ «ግን ማነው የነካት?» አለ። ሰላም ተሰማኝ።

ባለፈው ሳምንት ጎተራ ጋ ዳር ቆሞ ኮፈን የከፈተ ወጣት አየሁ። አላስቻለኝም፤ አቁሜ ወረድኩ። ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ቀና ብዬ ምላሴን በጥርሴ መታሁ።

«ማነው የነካብህ? ቬንትሌተሩ ነው። ሪሌውን አስቀይረው።»

«ጋሼ፣ ቤንዚን አልቆብኝ ነው።»

«ይሁን» አልኩት፤ «ቢሆንም አሳየው።»