ቆርጬ ያወጣሁት ሰው

ለአሥራ ሁለት ዓመት ፎቶ ስደረድር ኖሬአለሁ። ሌላው ሰው ማታ ማታ ፊልም ሲያይ እኔ ኮምፒውተሬ ፊት ተቀምጬ ቀን ስለይ፣ ስም ስሰጥ፣ የተጣመመውን ሳቃና፣ የጨለመውን ሳፈካ አመሽ ነበር። ባለቤቴ በበኩሏ ስልኳ «ቦታ የለም» እስኪላት ድረስ ታነሳና ለእኔ ታቀብለኛለች። «አራግፍልኝ» ትለኛለች፣ እንደ ምንጣፍ።

የእኔ ሥርዓት ለእንግዳ ሰው ሥርዓት ላይመስል እንደሚችል አልክድም። «የተመረጡ» የሚል ፎልደር አለኝ። ቀጥሎ «የተመረጡ ሁለት» አለ። «የመጨረሻ»፣ «የእውነት የመጨረሻ» እና «ከመጨረሻው በኋላ የመጡ» የሚሉም አሉ። «ኋላ የሚታዩ» የሚለው ውስጥ 9 ሺህ ፎቶ አለ፤ ኋላው ገና አልደረሰም። ግን የቱ የት እንዳለ አውቃለሁ። ፎቶ የምደረድርበት ሶፍትዌርም ያውቃል። ፊት እያቀረበ «ይህ ማን ነው?» ሲለኝ ስም እየነገርኩ የዘመድ አዝማዱን መልክ አስተምሬዋለሁ። አጎቴን በጎኑ ዞሮ፣ ግማሽ ፊቱ በጥላ ተሸፍኖም ቢሆን ይለየው ነበር።

ሶፍትዌር ግን ይሞታል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2015 «አይፎቶ» የተባለውን የፎቶ መደርደሪያውን በጡረታ አሰናበተ፤ ጉግልም በ2016 «ፒካሳ» የተባለውን የራሱን ዘጋ። የእኔው፣ ስሙን የማልጠራው፣ መሞቱን እንኳ አልነገረኝም። አዲስ ኮምፒውተር ላይ ልጭነው ስል ዝም አለኝ፤ ያኔ ገባኝ። ባለቤቴ ከሶፋው ላይ ሳትነሳ ፍርዷን ሰጠች፦ «ሁሉንም ደመና ላይ ስቀለውና ተገላገል።» ደመና የምትለው በኢንተርኔት የሚደረስበትን የድርጅቶች ማከማቻ ነው።

ቆጠርኩ። 61 ሺህ ፎቶ፣ 210 ጊጋባይት። ከዚህ ውስጥ አንዲት የምትጠልቅ ፀሐይ ብቻዋን 14 ጊዜ ትጠልቃለች። ስገጥመው እንዳልሳሳት ብዬ ያነሳሁት ብሎን አለ፤ ተሳስቻለሁ። አውራ ጣቴም በተለያየ ዕድሜው በብዛት ይታያል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2015 የፎቶ አገልግሎቱን ሲከፍት፣ መጠኑን ቀንሶ ለሚያስቀምጥለት ሰው ገደብ የሌለው ነጻ ቦታ ይሰጥ ነበር። ከጁን 2021 ወዲህ የሚገባ ፎቶ ግን ከ15 ጊጋባይት ነጻ ድርሻ ላይ ይቆጠራል፤ ያውም ከኢሜይል ጋር በጋራ። ነጻ የነበረበት ዘመን እኔ ፀሐይ ከፀሐይ ሳማርጥ አለፈኝ። ከሌላ ድርጅት ቦታ በወር ተከራየሁ።

በኢንተርኔት ውሌ ላይ በትልቁ የተጻፈው የማውረጃ ፍጥነት ነው። የመጫኛው ታች በደቂቅ ፊደል ተቀምጧል፦ 5 ሜጋቢት። ሜጋባይት አይደለም፤ ባይት ለመሆን ስምንት ቢት ያስፈልጋል። ሳሰላው፣ አንዴም ካልተቋረጠ 93 ሰዓት ሆነ፤ አራት ቀን ሊሞላ ጥቂት የቀረው። በመጀመሪያው ሌሊት እኔ ስተኛ ኮምፒውተሩም ተኛ። ጠዋት ሁለት በመቶ ላይ እንዳለ አገኘሁት። በሁለተኛው ሌሊት እንዳይተኛ አድርጌ እኔ ብቻ ተኛሁ፤ ልጄ ኢንተርኔቱ ተንቀራፈፈብኝ ብሎ ነቀለው። ብቻ በአሥራ አንደኛው ቀን አለቀ።

ስከፍተው ፎቶዎቹ ደርሰዋል፤ ስሞቹ ቀርተዋል። የሰጠኋቸው ስሞችና የሠራኋቸው አልበሞች የተጻፉት በፎቶዎቹ ላይ ሳይሆን በሟቹ ሶፍትዌር የራሱ መዝገብ ውስጥ ኖሯል። ደመናው ደግሞ የሚያምነው ፎቶው ውስጥ የሰፈረውን ቀን ነው። ባትሪው የሞተበት አሮጌ ካሜራዬ ያነሳውን ሁሉ ጃንዋሪ 1 ቀን 2000 ላይ ከምሮልኛል። ሳልወለድ የሞተው አያቴ፣ ካለፈው ዓመት የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ወረቀት ቀጥሎ ኮፍያውን ደፍቶ ቆሟል። ስካን ያደረግኩት ያን ቀን ነበራ!

ባለቤቴ ስልኳን አውጥታ «ውሻ» ብላ ጻፈች። ውሻችን ከቡችላነቱ ጀምሮ ተሰልፎ መጣ። «አሥራ ሁለት ዓመት ሳልደረድር ምን ቀረብኝ?» አለችኝ። ክፋት አልነበራትም፤ እሱ ነው የባሰው።

ይሁን። እስከዚህ ድረስ የጎዳሁት ራሴን ብቻ ነበር።

ታናሽ እህቴ ከአሁኑ ባሏ በፊት እጮኛ ነበራት። ሲለያዩ መጥታ «ጋሼ፣ ይህን ሰውዬ ከፎቶዎቹ ላይ አጥፋልኝ» አለችኝ። ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ። ከዳር የቆመውን በቀላሉ ቆረጥኩት፤ መሐል የገባውን እሱን ለማውጣት ስል ሁለት አክስቶቼን ሠዋሁ። አልነጠል ያለኝ አንድ ክንድ ብቻ ነበር፣ እናቴ ትከሻ ላይ ያረፈ። የአጎቴ ክንድ ነው ተባብለን ተስማማን።

ለካ ሶፍትዌሩ አንድም ፎቶ አልቆረጠም! ዋናውን ሳይነካ፣ «እዚህ ጋ ተቆርጦ ይታይ» የሚል ማስታወሻ ለራሱ ብቻ ይይዝ ነበር። ማስታወሻው ከሟቹ ጋር ቀረ። ዋናው ተጓዘ፣ ከነሰውየው። እኔ ደግሞ ሳላይ አልበሙን ለቤተሰቡ በሙሉ አጋራሁ፤ 23 ሰው።

ማታ የእህቴ ባል ደወለ። «ጋሼ፣ መቼም ደክመዋል፣ እግዜር ይስጥልን» አለ። ዝም አለ። እንደገና አመሰገነኝ። ከዚያም፣ «አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ በእናታችን ልደት ላይ ከእህትዎ አጠገብ ያለው ረጅሙ ሰውዬ ዘመድ ነው?»

«በሩቁ» አልኩ።

«እጇን ይዟታል።»

«እንዳትወድቅ ይሆናል።»

«ተቀምጣለች እኮ፣ ጋሼ።»

የእህቴ ስልክ አጭር ነበር። «ጋሼ!» ብላ ዘጋችው።

ሰውየውን ከ61 ሺህ ስም የለሽ ፎቶ መሐል ለቅሜ ላወጣው ተነሳሁ። ደመናውም እንደ ቀድሞው ፊት ከፊት እያመሳሰለ ይሰበስባል፤ 86 ፎቶዎቹን በአንድ ረድፍ አሰልፎ «ስም ይስጡት» አለኝ። ልሰርዛቸው እንዳልል በየፎቶው እናቴ አለች። ልቆርጣቸው ብዬ ጀመርኩ፤ የመጀመሪያውን ቆርጬ ሳስቀምጥ ከሥሩ «ወደነበረበት መልስ» የሚል ቁልፍ ብቅ አለ። ይኸኛውም ዋናውን አይነካም።

ትናንት ማታ አርባኛው ላይ ስደርስ ሁለት ፊት ጎን ለጎን አቅርቦ ጠየቀኝ፦ «እነዚህ አንድ ሰው ናቸው?» በግራ የቀድሞው እጮኛ፣ በቀኝ የዛሬው ባል። ግንባራቸውን አየሁ፣ ጢማቸውን አየሁ፣ መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አየሁ። ከሥራቸው ሦስት ቁልፎች አሉ፦ «አዎ»፣ «አይደሉም»፣ «እርግጠኛ አይደለሁም»። «አዎ» ብጫን 86ቱም ፎቶ በባልየው ስም ይገባል።

ባለቤቴ በትከሻዬ ላይ አጎንብሳ ማያ ገጹን ረዘም ላለ ጊዜ አየችው።

«ተጫነው» አለችኝ።